ፈሪ ባጂን ማላመድ፦ የማስረዳት ሸክሙ የማን ነው?

በአንዳንድ የከተማችን ሳሎኖች ውስጥ አንዲት እንግዳ መታየት ከጀመረች ሰነባብታለች። አረንጓዴና ቢጫ፣ አንዳንዴም ሰማያዊና ነጭ ላባ ያላት፣ ከነጭራዋ አንድ ስንዝር የማትሞላ ትንሽ በቀቀን ናት። ሙሉ ስሟ በጀሪጋር ሲሆን ብዙዎች በአጭሩ ባጂ ይሏታል። ገዥዎቿ በአብዛኛው ወደ ቤት የሚያመጧት በስልካቸው ላይ ያዩትን ተስፋ አድርገው ነው፤ ትከሻ ላይ የምታርፍ፣ ጣት ላይ የምትወጣ፣ የባለቤቷን ስም የምትጠራ ወፍ ይጠብቃሉ። የምትደርሳቸው ግን ሰው በቀረባት ቁጥር ከሽቦው ጋር የምትላተም፣ እጅ ሲገባ ደግሞ የምትነክስ ወፍ ትሆናለች። ከዚያም «ምን አድርገናት ነው እንዲህ የምትፈራን?» የሚል ጥያቄ ይከተላል።

ጥያቄው የተገለበጠ ይመስለኛል። መጠየቅ ያለበት ለምን ትፈራለች ሳይሆን፣ ላለመፍራት ምን ማስረጃ ቀርቦላታል የሚለው ነው። በሕግ ትምህርት ቤት ቀድመን ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ፣ አንድን ነገር እውነት ነው ብሎ የሚከራከር ወገን ያንኑ የማስረዳት ሸክም እንዳለበት ነው። በወፏና በሰውየው መካከል «እኔ አልጎዳሽም» ብሎ የሚከራከረው ሰውየው ነው። እሷ ምንም አላለችም። ስለዚህ ሸክሙ የእሱ ነው። ይህ ጽሑፍ ሸክሙን እንዴት መወጣት እንደሚቻል፣ እኔም ባጂ በማሳደግ ካየሁትና ስለ ወፏ ከሚታወቀው አጠር አድርጎ ያስረዳል።

ባጂ ማን ናት?

አገሯ አውስትራሊያ ነው፤ በተለይም ደረቁ የመሐል አገር ሜዳ። እዚያ ውኃና የሣር ፍሬ እየተከተለች በመንጋ ትዘዋወራለች፤ ሁኔታው ሲመቻት መንጋው በሺዎች ይቆጠራል። እንግሊዛዊው ጆርጅ ሾ በ1805 እ.ኤ.አ. ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቃት፤ የአእዋፍ ሊቁ ጆን ጉልድ ደግሞ በ1840 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ ሲመለስ በሕይወት ያሉ ባጂዎችን ይዞ እንግሊዝ ገባ። ከዚያ ወዲህ በሰው እጅ እየተራባች ዓለምን አዳርሳለች። አውስትራሊያ የዱር ወፎቿን ከነሕይወታቸው ለንግድ ወደ ውጭ መላክን ከልክላለች፤ በየገበያው የምናያቸው ባጂዎችም በሰው ቤት የተፈለፈሉ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ነጥብ ላንሳ። ዓለም አቀፉን የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይትስ የተባለው ስምምነት በቀቀኖችን በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ በዝርዝሩ ሲያስገባ፣ ባጂ ግን ከዝርዝሩ ውጭ ከሆኑት ጥቂቶች አንዷ ናት። የእኛዎቹ በቀቀኖች፣ ማለትም ግንባሩ ቢጫ የሆነው በቀቀንና በደጋ ጫካ የሚኖረው ክንፈ ጥቁሩ ላቭበርድ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ከጫካ የተያዘ ወፍ የሚያቀርብልዎ ሰው ቢያጋጥምዎ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አይግዙ።

ይሁን እንጂ በሰው ቤት መፈልፈል ሰውን መልመድ ማለት አይደለም። ባጂ ከ30 እስከ 40 ግራም ብቻ የምትመዝን፣ ሌሎች የሚያድኗት ፍጥረት ናት። ዓይኖቿ በጭንቅላቷ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ዙሪያዋን ለመቃኘት ነው። በድንገት ከላይ የሚመጣባት ነገር ሁሉ ለእሷ ጭልፊት ነው። እርስዎ ውኃዋን ሊቀይሩ ከበላይዋ የሚዘረጉትን እጅ ከጭልፊቱ የምትለይበት ምንም ምክንያት የላትም። ከእርስዎ ቤት በፊት ደግሞ በነጋዴ እጅ ተጨምድዳ በካርቶን ተጉዛ ሊሆን ይችላል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ፍርሃቷ አመል ሳይሆን ትዝታ ነው።

ፍርሃትን ማንበብ

ወፏ አትናገርም ማለት አቋሟን አትገልጽም ማለት አይደለም። ስትፈራ ላባዋን ከሰውነቷ ጋር አጣብቃ ትቀጥናለች፤ አንገቷን ታስረዝማለች፤ እንደ እንጨት ደርቃ ትቆማለች። ፍርሃቱ ሲብስ ትተነፋፈሳለች፣ ምንቃሯን ትከፍታለች፣ ወይም በሽቦው ላይ ትፈራገጣለች። እርጋታ ሲሰማት ደግሞ ላባዋን ፈታ ታደርጋለች፤ አንድ እግሯን ወደ ሆዷ ሰብስባ ትቆማለች፤ ምንቃሯን ታፋጫለች፤ ላባዋን ታበጥራለች፤ ዝግ ባለ ድምፅ ትንጫጫለች። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን እርስዎ አጠገቧ እያሉ መብላቷ ነው። ራሱን ለአደጋ የተጋለጠ አድርጎ የሚቆጥር ፍጥረት አንገቱን ደፍቶ አይበላም።

አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ላባዋን ነፍታ የምትቆዝም፣ ከወለሉ ላይ የምትቀመጥ፣ ስትተነፍስ ጭራዋ ከፍ ዝቅ የሚል ወፍ ፈሪ ሳትሆን ታማሚ ናት። ወፎች ሕመማቸውን እስከ መጨረሻው ስለሚደብቁ ነገ እናያለን ማለት አያዋጣም። ወፍ የሚያይ የእንስሳት ሐኪም በቀላሉ አይገኝምና ወፏን ከመግዛትዎ በፊት ያፈላልጉ።

የመጀመሪያው ሳምንት

የሽቦ ቤቷ ከቁመቱ ይልቅ ወደ ጎን የሰፋ ይሁን፤ ባጂ የምትበረው ወደ ጎን ነውና። በሽቦዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ1.2 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ቤቱን በሰው ዓይን ከፍታ፣ አንድ ጎኑን ከግድግዳ አስጠግተው ያስቀምጡ። ዙሪያውን ገላጣ የሆነ ስፍራ ጀርባዋን የምትሰጥበት ያሳጣታል። በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ሥር አያድርጉት፤ የአዲስ አበባ ሰማይ ከጭልፊት ነፃ የሚሆንበት ሰዓት የለም፤ እርስዎ ባያዩትም እሷ ታየዋለች። ለመቆሚያዋ ውፍረታቸው የተለያየ የተፈጥሮ ቅርንጫፎችን ይጠቀሙ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራዎ ውኃና እህል መቀየር፣ ከዚያም ዞር ማለት ነው። እንግዳ አይሰብስቡባት፤ ሕፃናትም ቤቱን አይምቱ። ከ10 እስከ 12 ሰዓት የሚደርስ ፀጥ ያለ የእንቅልፍ ጊዜ ያስፈልጋታል። መብራት በድንገት ሲጠፋ በጨለማ ተደናብራ ልትጎዳ ስለምትችል፣ ማታ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ብርሃን በአቅራቢያዋ መኖሯ ጥሩ ነው።

ሦስት አራት ቀን ካለፈ በኋላ በክፍሉ ውስጥ መኖርዎን ያስለምዷት። ራቅ ብለው ይቀመጡ፤ ጋዜጣዎን ድምፅ አውጥተው ያንብቡ። ትክ ብለው አይዩዋት፤ ትክ ብሎ ማየት የአዳኝ ጠባይ ነው። ወንበርዎን በየቀኑ ጥቂት ያስጠጉ። መቆሚያዋ ላይ ከደረቀችብዎ ያ የዛሬው ድንበርዎ ነው፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይበሉ። እዚህ ላይ የምትማረው ትልቅ ነገር አለ፤ ስትቃወም ተቃውሞዋ ይሰማል ማለት ነው። ተቃውሞው የሚሰማ ፍጥረት መጮህና መንከስ አያስፈልገውም።

እጅና ዳጉሳ

ቀጣዩ ደረጃ እጅን ከመልካም ነገር ጋር ማያያዝ ነው። በውጭ አገር ለዚህ የሚጠቀሙበት ከነዘለላው የደረቀ የወፍ እህል ነው፤ እኔ ያልተወቃ ዳጉሳ ከነራሱ እጠቀማለሁ፤ ባጂዬም ቅሬታ አላቀረበችም። ይህን ምግብ በሌላ ጊዜ ከሽቦ ቤቷ ውስጥ አያኑሩላት፤ ከእጅዎ ብቻ ይምጣ። ለማስለመድ ብሎ ማስራብ ግን ፈጽሞ አይገባም። የዚህች ትንሽ ፍጥረት ሰውነት ስንቅ የለውምና የዘወትር እህሏ አይጓደል።

በመጀመሪያ ዘለላውን ከውጭ በሽቦው በኩል ይያዙላት። እየለመደች ስትሄድ በሩን ከፍተው እጅዎን ከታች፣ በዝግታና በምታየው አቅጣጫ ያስገቡ፤ ከላይ በፍጹም አያምጡ። ዘለላውን በየቀኑ እያሳጠሩ ይያዙ፤ መጨረሻ ላይ ለመብላት ጣትዎ ላይ አንድ እግር ማሳረፍ ግድ ይሆንባታል። አንዷን እግር ካሳረፈች ሁለተኛዋ ትከተላለች። ከዚያ በኋላ ጣትዎን ከእግሮቿ በላይ፣ ከሆዷ ሥር ቀስ አድርገው አስጠግተው «ነይ ውጪ» ይበሏት፤ ስትወጣም ወዲያው ይሸልሟት። አንዱ ልምምድ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃል። ሁልጊዜም ሳትሰለችና ሳትፈራ ያቁሙ።

ብትነክስዎ እጅዎን አይመንጭቁ፤ አይጩኹ፤ አይቆጧት። መመንጨቅ ንክሻ እንደሚሠራ ያስተምራታል፤ መጮህ ደግሞ ፍርሃቷን ያረጋግጥላታል። ረጋ ብለው እጅዎን ያውጡና በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመልሰው ይጀምሩ። ንክሻ ከመምጣቱ በፊት ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያ አለው፤ ሸሸት ትላለች፣ ትቀጥናለች፣ ምንቃሯን ትከፍታለች።

በጉልበት የተገኘ ዝምታ

በሥራ የማውቀው አንድ ወጣት ጠበቃ ለልጁ ባጂ ገዝቶ በነገሩ ተቸግሮ ነበር። አንድ ቀን ቡና ይዘን ሳለ አጫወተኝ።

«ጋሼ፣ ከመጣች አራተኛ ወሯ ነው። ዛሬም እጄን ስታይ ትላተማለች። የሸጠልኝ ሰው በፎጣ ጠቅልለህ በየቀኑ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ያዛት፣ ትለምድሃለች ብሎኛል።»

«ደንበኛህን ፖሊስ በፎጣ ጠቅልሎ ግማሽ ሰዓት ከያዘው በኋላ የእምነት ቃል ቢቀበለው፣ ፍርድ ቤት ቀርበህ ምን ትላለህ?»

«አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5! በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም እላለሁ።»

«እንግዲያው ለወፏም ተቃወምላት።»

ቀልድ ቢመስልም ከቁም ነገሩ የራቀ አይደለም። በፎጣ የተያዘች ወፍ ከጥቂት ቀናት በኋላ መፈራገጧን ልታቆም ትችላለች፤ ይህም ለብዙዎች መልመድ ይመስላቸዋል። አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ማርቲን ሰሊግማንና ስቲቨን ማየር በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ፣ ሊያመልጡት ከማይችሉት ሕመም ጋር የቆዩ ውሾች በኋላ ማምለጫ ሲከፈትላቸው እንኳ ብዙዎቹ ሳይሞክሩ መቅረታቸውን አሳይተዋል። ምንም ባደርግ ለውጥ አላመጣም ብሎ ተስፋ የቆረጠ ፍጥረት ዝም ይላል። ዝምታው ግን ስምምነት አይደለም።

ክንፍ መቁረጥን የማልደግፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንዳንዶች ለማላመድ ይቀላል ብለው የክንፏን ላባ ይቆርጣሉ። ክንፏ የተቆረጠ ወፍ ከእጅዎ ላይ ብትቆይ ወድዳ ይሁን መሄጃ አጥታ በምን ያውቃሉ? እምቢ ማለት ከማይችል ወገን የመጣ እሺታ ምንም አያስረዳም።

ወጣቱ ጠበቃ ፎጣውን ተወው፤ ሥራውንም ለዘጠኝ ዓመት ልጁ አስረከበ። ልጅቷ ማታ ማታ ከወፏ አጠገብ ተቀምጣ የአማርኛ መጽሐፏን ድምፅ አውጥታ ታነብ ጀመር፤ ሽቦውን እንዳትነካ ብቻ ተነግሯታል። በአምስተኛው ሳምንት ወፏ ከልጅቷ እጅ ዳጉሳ በላች። አባትየው እስከ ዛሬ እጁን አላስለመዳትም፤ እሱ ሲገባ ግን መላተሟን ትታለች። ለእኔ ይህም ድል ነው።

ከቤቷ ስትወጣ

ጣት ላይ መውጣት ሲለመድ በክፍሉ ውስጥ ማብረር ይቻላል። ከዚያ በፊት መስኮትና በር ይዘጋ፤ መስተዋትና መጋረጃ የሌለው መስኮት ይሸፈን፤ ክፍት ባልዲና ድስት ይነሳ፤ ድመት ካለች ከቤት ትውጣ። ለመመለስ አያሳድዷት። እህሏ ቤቷ ውስጥ ይጠብቃት፤ ሲርባት ራሷ ትገባለች። አንድ ጊዜ ማሳደድ የሳምንታትን ሥራ ያፈርሳል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

ከዚህ ወዲያ ያለው ሥልጠና መዝናኛ ነው። አንዲት ቀጭን እንጨት ያሳዩዋት፤ ጫፏን በምንቃሯ በነካች ቅጽበት «ጎበዝ» ብለው አንድ ፍሬ ይስጧት። ቃሉና ሽልማቱ ሲገናኙላት እንጨቷን እየተከተለች መዞር፣ መሰላል መውጣት፣ ወደ ቤቷ መግባት ትማራለች። ምስጢሩ ቅጽበቱ ነው፤ ሽልማቱ ከዘገየ የተሸለመው ሌላ ድርጊት ይሆናል።

መናገርስ? ንግግር በብዛት የሚማሩት ወንዶቹ ናቸው። ጎልማሳ ወንድ ባጂ ከምንቃሩ በላይ ያለው ሥጋማ ክፍል ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ፣ የሴቷ ደግሞ ቡናማ ነው። በእንግሊዝ ስፓርኪ ዊሊያምስ የተባለው ባጂ በ1958 እ.ኤ.አ. ቢቢሲ ያዘጋጀውን የተናጋሪ ወፎች ውድድር አሸንፏል። በአሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. የሞተው ፐክ ደግሞ በ1,728 ቃላት በጊነስ መዝገብ ሰፍሯል። ይህ ችሎታ ከየት መጣ ቢሉ፣ ወንዱ ባጂ የተጓዳኙን የመጠራሪያ ድምፅ ተምሮ በዚያው ይጠራታል። ሰው ቤት ያለ ባጂ ቃላችንን ሲደግም ከመንጋው እንደቆጠረን ይገመታል። ስለዚህ ንግግር የሚጀምረው በመደጋገም ሳይሆን በመታመን ነው።

ቡናና ዕጣን

የወፍ ሳንባ በአየር ከረጢቶች እየታገዘ አየሩን አሟጥጦ የሚጠቀም ነው። በእንግሊዝ የከሰል ማዕድን ማውጫዎች እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ካናሪ የተባሉት ወፎች የመርዛማ ጋዝ ማስጠንቀቂያ ሆነው ያገለገሉት በዚህ የተነሳ ነው። በእኛ ሳሎን ደግሞ ከሰል ይያያዛል፣ ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል። ቡናው ይቅር አልልም፤ ወፏ ግን አስቀድማ በሩ ወደተዘጋ፣ ንጹሕ አየር ወዳለው ሌላ ክፍል ትሂድ። ፍሊት በሚነፋበት ክፍልም አትኑር። ቴፍሎን የተቀባ መጥበሻ ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድላት ይችላል። ከምግብም አቮካዶ፣ ቸኮሌት፣ ቡናና ሽንኩርት አይሰጧት። እሷን ወይም ቤቷን ከነኩ በኋላ እጅ መታጠብም ግድ ነው፤ በቀቀኖች ሲታኮሲስ የተባለ የሳንባ በሽታ ወደ ሰው ሊያስተላልፉ ይችላሉ።

አንድ ወይስ ሁለት?

ብቻዋን ያለች ባጂ ሰውን ቶሎ ትለምዳለች ይባላል፤ እውነትነትም አለው። ነገር ግን የዚህ ጋዜጣ አንባቢ በአብዛኛው ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሰው ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች፣ በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሰው ተለይቶ መታሰርን ብቸኛ እስር ይሉታል፤ ከ15 ተከታታይ ቀናት በላይ እንዲቆይም አይፈቅዱም። ደንቡ ለሰው የተጻፈ ቢሆንም በሺዎች መንጋ ውስጥ እንድትኖር የተፈጠረችን ወፍ በዚህ መስፈርት ማየት ነውር አይሆንም። ቤትዎ ቀኑን ሙሉ ባዶ ከሆነ ሁለት ይያዙ። ለመልመድ ይዘገዩ ይሆናል፤ ግን አንዷ ስትደፍር ሌላዋ ታያለች፤ ፍርሃት እንደሚጋባ ሁሉ ድፍረትም ይጋባል።

ጊዜውን በተመለከተ ቁርጥ ያለ ቀን የሚነግርዎ ሰው ቢኖር አይመኑት። በግንባሯ ላይ ያሉት ጥቋቁር ሽንትሮች ገና ያልጠፉ፣ ከአራት ወር በታች ያለች ጫጩት በሳምንታት ልትለምድ ትችላለች። ለዓመታት ከሰው ርቃ የኖረች ጎልማሳ ወራት ትፈጅ ይሆናል፤ አንዳንዷም ጣት ላይ ሳትወጣ ዕድሜዋን ትጨርሳለች። በሰው ቤት ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ትኖራለችና ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ እነዚያን ዓመታት በየቀኑ ሞት እየመጣ ነው ብላ ትኖራቸዋለች ወይስ አትኖራቸውም ነው ጥያቄው።

ስለዚህ ውጤቱን በጣትዎ ላይ ባለው ወፍ አይለኩት። እርስዎ ሲገቡ መብላቷን ከቀጠለች፣ ከአጠገቧ ሲያልፉ አንድ እግሯን እንደሰበሰበች ከቆየች፣ ማስረጃዎን ተቀብላለች ማለት ነው። ይግባኝ የማይባልበት ፍርድ ግን አይደለም፤ በየቀኑ እንደገና ይታያል።

ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል። መልካም ሰንበት!